«ቻይው» ያልሁሽ ቀን

ዘንዘልማ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለእማሆይ ፅጌ ማርያም፣

ሐይቁ ቢለየንም የገዳሙ ጸሎት አልተለየንም፤ እንደምን ሰንብተዋል? እኔም ባለቤቴ ጌትነትም እግዚአብሔር ይመስገን አለን። የላኩልኝ ጸበልና እምነት ደርሶኛል። ጀልበኛው ሱሌማን ጀልባውን አስሮ በባጃጅ እስከ ቤት ድረስ ይዞልኝ መጣ። ግባና ሻይ ጠጣ ስለው «ሚስቴ መዲና ትጠብቀኛለች» ብሎ ከበር ተመለሰ።

ለጥያቄዎ ሳልመልስ በመቆየቴ ይቅር ይበሉኝ። ቤቱ ገና አላለቀም። ጌትነት ከኮሌጅ ሲመለስ ከአናጢዎቹ ጋር ይጨቃጨቃል፤ እኔ አቧራ ስጠርግ እውላለሁ። ዘንዘልማን አሁን ቢያዩዋት አያውቋትም፤ ባለፈው ዓመት ጤፍ የታጨደበት ላይ ዘንድሮ መሠረት ይቆፈርበታል።

«ተገላገልሽ ወይ?» ላሉኝ፣ አዎን፣ ተገላግያለሁ። ስለ እኔ አያስቡ፤ ተሽሎኛል። ሌላውን በሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ። የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ሰላም ብለውዎታል። እኔ ለጊዜው መዝሙር ትቻለሁ፤ ጉሮሮዬን ስላመመኝ ነው።

ጸሎትዎ አይለየኝ።

ታናሽ እኅትዎ ፀሐይወርቅ


ከገዳም፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለፀሐይወርቅ፣

«ተገላግያለሁ» ያልሽውን ደጋግሜ አነበብሁት። ግን ምነው ቃል እንዲህ ሰሰትሽ? ወንድ ነው ሴት? አርባው ነው ወይስ ሰማንያው የምንጠብቅ? የክርስትና ስሙንስ ማን ያወጣለታል? ለእመ ምኔታችን ነገርኋቸው፤ እናቶች ሁሉ እልል አሉልሽ። እኔም ከመነኮስሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ደስታዬ ከልክ አልፎ እንዳይሆን ብዬ ሰግጄ ሰግጄ ደከመኝ።

ሱሌማንን «ሕፃኑን አየኸው?» ስለው ገመዱን ሲቋጥር ቆየ። «እማሆይ፣ እኔ ከደጅ ነው የተመለስሁ» አለኝ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ «ለምን ራስዎ አይደውሉላትም?» አለ። ስልክ ስመነኩስ ከተውኋቸው አንዱ መሆኑን እያወቀ ነው። ሳቅሁበት።

በእጄ የፈተልሁትን ማተብ ልኬልሻለሁ። ካህኑ ሲያጠምቁት እሱን እንዲያስሩለት አደራ።

ያን ጊዜ «እግሬ አበጠ፣ ራሴን ይወጋኛል፣ ዓይኔ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል፤ ሐኪም ቤት ተመላለሽ ይሉኛል» ብለሽ ስትጽፊልኝ «ቻይው፣ የእናትነት ዋጋ ነው፤ ለእግዚአብሔር ስጪው» ያልሁሽ ትዝ ይልሻል? ይኸው ቻልሽው፤ እርሱም ካሰሽ።

እኅትሽ እማሆይ ፅጌ ማርያም


ዘንዘልማ፣ ጥር 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

እማሆይ፣

ማተቡን መልሼ ልኬዋለሁ። የሚታሰርበት አንገት የለም።

እንዲህ ብዬ መጻፍ አልፈለግሁም ነበር፤ ሌላ ቃል አጣሁለት። ልጄ ወንድ ነበር። ኅዳር ሊያልቅ ሲል ተወለደ፤ ተወለደ ከተባለ። አላለቀሰም። እሱ ሲያለቅስ እሰማለሁ ብዬ ጆሮዬን አቁሜ ስጠብቅ የሐኪሞቹ ኮቴ ብቻ ነው የተሰማኝ።

ያን ዕለት ጠዋት ወጥ እያማሰልሁ ዓይኔ ጨለመብኝና ወደቅሁ። ጌትነት በጎረቤት ባጃጅ ሆስፒታል አደረሰኝ። ሐኪሟ ግፊቴን ለክታ ፊቷ ተለወጠ። «ይህ እኮ ዛሬ የመጣ አይደለም፤ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አለችኝ።  ቀጠሮዬን ለምን እንደተውሁት አልነገርኋትም። ለእርስዎም አልነግርዎትም፤ ያውቁታል።

ክርስትና አልተነሣምና ቤተ ክርስቲያን አልተቀበረም። ጌትነት ከጓሯችን ቀበረው። የቱ ጋ እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። ስንበላ ሁለታችንም ጀርባችንን ወደ ጓሮው አዙረን ነው የምንቀመጥ።

መዘምራኑ መጥተው ነበር። «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ» ሲሉኝ አሜን ማለት አቃተኝ። አንዷ ስትወጣ ለሌላዋ «ምን በድላ ይሆን?» ስትል ሰማኋት። ልቀየማት አልቻልሁም፤ እኔ ራሴ ሲነጋ ሲመሽ የምለው እሱኑ ነውና።

እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ግን ከበሩ አላልፍም። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ስቤ ከአጥሩ ውጭ፣ ሻማ ከሚሸጡት ሴቶች አጠገብ እቆማለሁ። የማውቀው ሰው ሲመጣ ሻማ የምመርጥ እመስላለሁ። ከዚያ ሆኜ ቅዳሴውን እሰማለሁ። በእግዚአብሔር ማመኔ አልቀረም፤ የቀረው እንደሚወደኝ ማመኔ ነው።

በዋሸሁዎት ይቅር ይበሉኝ። አፍሬ ነው።

ፀሐይወርቅ


ከገዳም፣ ጥር 13 ቀን 2015 ዓ.ም.

ፀሐይወርቅ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን ከማለት ሌላ ምን እላለሁ።

እርሱ ያለ ምክንያት አይቀጣም። ስለዚህ ራስሽን መርምሪ። ጾሙን እንደሚገባ ጠብቀሽ ነበርን? ለንስሐ አባትሽ ያልነገርሽው ነገር አለ? ሰውን አሳዝነሽ ይሆን? ሐዘን መጠኑን ሲያልፍ ማጉረምረም ነው፤ ማጉረምረም ደግሞ ሌላ ቅጣት ይጠራል። ሱባዔ ያዢና ስገጂ። እኔም እጸልይልሻለሁ።

እማሆይ ፅጌ ማርያም


ከገዳም፣ የካቲት 22 ቀን 2015 ዓ.ም.

ፀሐዬ፣ እኅቴ፣

ከዚያች ደብዳቤ ወዲህ አንድ ቃል አልላክሽልኝም። አይገባኝምና መልስ አልጠብቅም። ይህን ግን ሳልጽፍ ማደር አልቻልሁም።

ሱሌማን እህል ይዞ ሲመጣ ደብዳቤ ልሰጠው ብል እጁን ወደ ኋላ አደረገ። «የባለፈውን በር ላይ ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ 'ሱሌማን፣ እኔ ምን አደረግሁ?' አለችኝ። እኔ ምን ልበላት እማሆይ? እንደዚያ ያለ ወረቀት ከሆነ አልወስድም። እኔ ጀልባ እየሠራሁ ሰው የማሻግር ነኝ እንጂ ቢላዋ የማመላልስ ሰው አይደለሁም» አለኝ። መዲና አብራው ነበረች። «ተው አንተ፣ እማሆይን?» ብላ ብትጎትተው አልተወም። አልተቆጣሁትም። እንዲያውም ቆሜ ሰማሁት፤ ወንዝ ዳር እንደተያዘ ሌባ።

ይኸው ዐቢይ ጾም ገብቶ ሌሎች ሲያለቅሱ ስለ ክርስቶስ መከራ ነው፤ እኔ የማለቅስ በአንዲት ወረቀት ነው። ልጅሽ ሞቶብሽ እኔ የጠየቅሁሽ ጾምሽን ነበር! ለምን እንደጠየቅሁሽም አሁን ገብቶኛል። ጥፋቱ የአንቺ ካልሆነ የእኔ ሊሆን ነውና ነው። «ቻይው» ያልሁሽ እኔ ነኝ። ያ ቃል ወደ እኔ ሲመጣ አይቼ ወደ አንቺ ገፋሁት፤ ደግሞ የእግዚአብሔርን ስም ለጥፌበት።

ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት እንኳ ድፍረቱ የለኝም። «እግዚአብሔር ያለ ምክንያት አይቀጣም» ያልሁትን ግን ከደብዳቤው ላይ ፋቂልኝ። እርሱ አላለም። እኔ ነኝ ያልሁት።

ጽሕፈቴ ቢንጋደድብሽ አትገረሚ። ቀኝ እጄ ትንሽ ከብዶኛል፤ የሐይቁ እርጥበት ይሆናል። ሌላ ምክንያት የለውም።

ፅጌ ማርያም


ዘንዘልማ፣ መጋቢት 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

እኅቴ፣

ዛሬ «እማሆይ» አልልሽም፤ «እርስዎ»ም አልልሽም። የምፈልጋት በአንበሳሜ ገበያ ቀን እጄን ጨብጣ በከብቶቹ መካከል የምታሳልፈኝን ልጅ ነው። እሷ ካለች ትስማኝ።

ይቅር ብዬሻለሁ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ገና ነኝ። አንዳንድ ቀን ይቅር ብዬሽ እነሣና እስኪመሽ እረሳዋለሁ። ግን ያ ሌላ ነው፤ ይቆየን።

ትናንት መዲና መጣች። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች። «እኅትሽ ለማንም እንዳልናገር አምላኳን ጠርታ ለምናኛለች፤ ግን ሴት ናትና ዝም ብል አላህ ይጠይቀኛል» ብላ ነገረችኝ። የዱቄቱን ጆንያ ስትቀበያቸው ተንገዳገድሽ አሉ። መዲና በብብትሽ ደግፋ ስትይዝሽ ጮህሽ። ቀሚስሽ ረጥቦ ነበር፤ ሐይቁ የረጨሽ መስሏት እጇን ብታየው ደም ነው። «ጡቷ ላይ ነው፣ ቁስሉ ከፍቷል» አለችኝ። ለእሷ ያልሻትንም ነገረችኝ፦ «የተሰጠኝ መስቀል ነው፤ እችለዋለሁ።»

እርጥበት ነው አልሽኝ! እኔ ጉሮሮዬን ነው እንዳልሁሽ። የአንድ እናት ልጆች መሆናችን በውሸታችን ያስታውቃል።

ስሚኝ። አንቺ «ቻይው» ብለሽኝ ቻልሁ፤ ምን እንዳመጣ ታውቂያለሽ። አሁን ታናሽሽ እነግርሻለሁ፦ አትቻይው!

ስለ መምሬ መርስዔ ኀዘን ልንገርሽ። የንስሐ አባታችን ናቸው፤ ስጠፋባቸው ጊዜ ቤት ድረስ መጡ። «አባ፣ እግዚአብሔር ቀጥቶኛል፤ ምን አድርጌ እንደሆነ ግን አላገኘሁትም» አልኋቸው። ከቀሚሳቸው ኪስ ክኒን አወጡ። «እኔም ግፊት አለብኝ። ከቅዳሴ ስወጣ ሰው ሳያየኝ ነው የምውጠው። ካህን ሆኖ በጸሎት መዳን አቃተው እንዳልባል አፍሬ ዓመት ሙሉ ሳልታከም ቀርቼ፣ አንድ ቀን መቅደስ ውስጥ ልወድቅ ነበር። በሽታ ቅጣት ከሆነ፣ ልጄ፣ እኔ ካንቺ ብዙ የሚያስቀጣ አለኝ» አሉኝ። «ታዲያ ልጄን ማን ወሰደው?» አልኋቸው። «አላውቅም» አሉ። ካህን አላውቅም ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከሰማሁት ማጽናኛ ሁሉ ያረፍሁበት እሱ ነው።

ከዚያ ጌትነትን «አሳየኝ» ብለው ጓሮ ወጡ። ፍትሐት አልነበረም፤ ሥርዓቱ አይፈቅድም። «ቆሜ አባታችን ሆይ ማለትን ግን የሚከለክለኝ የለም» አሉ። ጌትነት አጠገባቸው ቆሞ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ በመስኮት አየሁት። እኔም ወጣሁ። የቱ ጋ እንደሆነ አሁን አውቃለሁ።

አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ። እኅት አልቀብርም። ነይ።

ፀሐይወርቅ


ከገዳም፣ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም.

ፀሐዬ፣

እየጻፍሁ ስቀድድ ሰነበትሁ። የቀደድኋቸው ሁሉ ቃላቸው ያማረ ነበር፤ ስለ ሰማዕታት፣ ስለ ትዕግሥት። ይህ ያላማረው ነው።

ባትጠይቂኝም፣ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ሽምብራ የምታህል እብጠት ነበረች። ደስ አለኝ ብልሽ ታምኚኛለሽ? ሰው ሳያውቅብኝ የምሸከመው አገኘሁ አልሁ። እያደገች ስትሄድ ግን ደስታው ጠፋ፤ ቃሉ ብቻ ቀረ። ቁስሉ መሽተት ሲጀምር በቅዳሴ ጊዜ ከእናቶች ርቄ ከኋላ እቆም ጀመር። «ትሕትናዋን አያችሁ?» ተባለልኝ። ዝም ብዬ ተመሰገንሁበት። አሁን ይህን ስጽፍ ብቻዬን ሆኜ ፊቴን በነጠላዬ እሸፍናለሁ።

እውነቱ ይህ ነው፤ ፈርቼ ነው። ከፍርሃቴም ማፈሬ ይበልጣል። ከመነኮስሁ ወዲህ ፀጉሬን እንኳ ሰው አላየውም፤ ገላዬን ለወንድ ሐኪም ልገልጥ? ከዚያስ መሞት ይሻለኛል አልሁ። እምነት ብዬ ስጠራው የኖርሁት ይህን ነበር። ጸሎቴ ሁሉ ውሸት ነበር ማለቴ አይደለም፤ እግዚአብሔርን እወደዋለሁ። ግን ከኋላው ተደብቄ ኖርሁ።

ደብዳቤሽን ለእመ ምኔታችን አነበብሁላቸው። ተቆጡ። መታመሜ አይደለም ያስቆጣቸው፣ መደበቄ ነው። «ሥጋሽን ለእግዚአብሔር ሰጥተሽ የለም? ታዲያ የርሱን ዕቃ እንዲህ ታበላሺዋለሽ?» አሉኝ። ከዚያ አቅፈውኝ አለቀሱ፤ ሽታው እያለ።

ሐሙስ ሱሌማን ዳግመኛ ይመጣል። አብሬው እመጣለሁ። ሴት ሐኪም ብትገኝ ለምኚልኝ። ባትገኝም እመጣለሁ።

ደብዳቤውን ሳልጨርስ ሱሌማን ሊወስደው መጥቶ «ይህኛውስ ምንድን ነው?» አለኝ። «ቢላዋ አይደለም» አልሁት።

እኅትሽ


ዘንዘልማ፣ ሰኔ 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

እኅቴ፣

ወደ «እርስዎ» ልመለስ ብል እጄ እምቢ አለኝ፤ ከእናቶች ጋር ስታነቢው ግን እንደሌለ አድርገሽ እለፊው። ቤቱ ከሄድሽ ወዲህ ጭር ብሏል። ጌትነት እንኳ መቋሚያሽ ወለሉን ሲመታ መስማት ለምዶ ኖሮ ጠዋት ጠዋት ዝም ብሎ ያዳምጣል።

አንድ ጣሪያ ሥር ሆነን ያልነገርሁሽን ልጻፈው። ከሆስፒታል በወጣሽ ሰሞን ፋሻሽን ስቀይር ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙረሽ «አትዪኝ፣ እባክሽ አትዪኝ» ትዪኝ ነበር። እኔም «አላየሁም» እልሽ ነበር። አይቼዋለሁ። በየቀኑ አየሁት። ስንቴ አጠብሁሽ፤ አንድ ቀን እንኳ «ምን በድላ ይሆን?» የሚል ሐሳብ በልቤ አላለፈም። ውኃው እንዳያቃጥልሽ፣ እጄ እንዳይከብድብሽ ብቻ ነበር የማስብ። አንድ ጠዋት ጨርቁን እየጨመቅሁ ይህ ነገር ቆም አደረገኝ። እኔ ክፉ ሰው፣ ገና ይቅር ያላልሁሽ ሰው፣ ቁስልሽን ሳይ ይህን ካላሰብሁ፣ እግዚአብሔር የእኔን ሲያይ እንዴት ያስበዋል? እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ሳሙና ዓይኔ ገባ ያልሁሽ ያን ቀን ነው።

ይቅር ያልሁሽም ያን ቀን ይመስለኛል። ልብ አላልሁትም።

ባለፈው እሑድ በሩን አልፌ ገባሁ። ሻማ ሻጯ «ዛሬስ አትመርጪም?» ብላ ጠራችኝ፤ ለካ ስታውቀኝ ኖራለች። አልዘመርሁም። መዘምራኑ ሲያዩኝ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልሁ። ግን ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ እስኪሰናበት ቆምሁ።

ስትሄጂ ለጠየቅሽኝ፣ ግፊቴን እለካለሁ፤ ቀጠሮዬን አልዘልም። ሌላ ልጅ ስለ መውለድ ላልሽኝ፣ ጌትነት ይፈልጋል። እኔ እፈራለሁ። ያልፈራሁ አስመስዬ ግን ከእንግዲህ አልጽፍልሽም።

ፀሐይወርቅ


ከገዳም፣ ሐምሌ 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ፀሐዬ፣

ክረምቱ ከብዷል፤ ማዕበሉ አንዳንድ ቀን ጀልባ አያስጠጋም። እኔ ደኅና ነኝ። ሐኪሙ ለብቻሽ ጠርቶ የነገረሽን አውቀዋለሁ፤ ከክፍሉ ስትወጪ ፊትሽ ነገረኝ። ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ይምጣም አይምጣም ክኒኔን እውጣለሁ፤ እመ ምኔታችን ቆመው ያስውጡኛል። ስለሱ አንነጋገርም ብለሽ አትጨነቂ፤ እንነጋገራለን።

የምጽፍልሽ ሌላ ነገር ነው። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሐይቁ ስወርድ አንዲት እናት ድንጋይ ጥግ ተደብቃ ጨርቅ ስታጥብ አገኘኋት። ስሟን አልጽፍልሽም። ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች፤ የሴት ልማድ ካቆማት ብዙ ዘመን ሆኗል። ከድንጋዩ ሥር ያለው ውኃ ግን ቀልቷል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኋት።

«ምኑ?»

«ደሙ።»

ጨርቁን ከኋላዋ ደበቀች። «ለእኔ ተይልኝ እማሆይ። ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» አለችኝ።

የምላት ሞልቶ ነበር። ስለ አንቺ ልነግራት፣ መምሬ ያሉሽን ልነግራት ፈለግሁ፤ አንዱም ከአፌ አልወጣ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ሌላ ሰው የለም። ቀሚሴን ከአንገቴ ፈታሁና ጠባሳዬን አሳየኋት።

አላፈርሁም አልልሽም። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ብቻ እያፈርሁ ቆምሁ። እሷ ፊቷን አላዞረችም። እርጥብ እጇን ዘርግታ ነካችው።

«ያምሻል?»

«ሰማዩ ሲጠቁር ያመኛል።»

«የቆረጠሽ ወንድ ነበር?»

«ወንድ ነበር።»

«ምን አለሽ?»

«'ብርድ እንዳይመታዎ እማሆይ' ብሎ ነጠላዬን አለበሰኝ።»

 ጨርቋን እንደ ገና ውኃ ውስጥ ነከረች፣ ጨመቀችው፣ አራገፈችው። ከዚያ ቀና ሳትል «ሱሌማን የሚመጣ መቼ ነው?» አለችኝ።

ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽ እሷ ናት። መዲና እስከ ደጅሽ ታደርሳታለች። ስታንኳኳ ምንም አትጠይቂያት። ውኃ ብቻ አሙቂላት።

እኅትሽ ፅጌ ማርያም